በኢንካዎች ተራራ ላይ የደበቅኩት ጾም

ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር «ተራራ የወጣው ሰውዬ» እያሉ የሚያስተዋውቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ፎቶውን ያዩ ናቸው። ፎቶው ላይ እኔና ልጄ ቤዛዊት ተቃቅፈን ቆመናል፤ ከኋላችን የኢንካዎች ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ በደመና ተከባ ትታያለች። አንድ ወዳጄማ «በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ያለ ጉልበት!» ብሎ ግንባሬን ሊስመኝ ምንም አልቀረው። ፎቶው የማያሳየውን ጉድ ግን ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ላውራውና ይውጣልኝ።

በመጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አትላንታ ከገባሁ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ስመጣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ቤቴ ስኔልቪል ነው። በአጥቢያችን በጾመኛነቴ እታወቃለሁ። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም፤ ይህንንም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። «እኔ እንኳ እስከ ዘጠኝ ነኝ» የምትለዋን ነገር በየወሬው መሀል የማስገባበት የራሴ ዘዴ ነበረኝ።

ሌላው ኩራቴ ደብረ ብርሃን መወለዴ ነው። ሰው ስለ ብርድና ስለ ዳገት ካነሳ «ተወኝ እባክህ፣ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ማለት እወዳለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መሪ ይዤ ተቀምጬ እንደኖርኩ፣ ከሻትሉ ሻንጣ ከማውረድ በቀር ሌላ ስፖርት እንደማላውቅ ትዝ አይለኝም።

ቤዛዊት ሲቪል መሐንዲስ ናት። መንገድ ሲሠራ አፈሩ እንዳይናድ የሚደግፉትን ግድግዳዎች የምትነድፈው እሷ ናት። እኔ ፋርማሲስት እንድትሆን ነበር የፈለግኩት። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ «ኢንጂነር ናት» እልና ወሬ እቀይራለሁ፤ ምን እንደምትሠራ በደንብ አላውቀውም ነበርና። ኢንካዎች ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየገጠሙ የሠሩትን ግንብ በእግሯ ሄዳ ማየት ግን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የምታልመው ነገር ነው። ፈቃዱ በቁጥር ስለሚሰጥ ብዙ ጊዜ ስትሞክር ከርማ አንድ ቀን ቤት መጣች።

«ዳድ፣ ፐርሚቱን አገኘሁ። ለሁለት ሰው ቡክ አድርጌዋለሁ።»

«ለማንና ለማን?»

«ላንተና ለኔ። ማሚን ጉልበቷን ያማታል። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ የደጋ ልጅ ነኝ ትላለህ፣ ሶ...»

«መቼ ነው?»

«ኦገስት። ምግቡንም ኦልሬዲ አስተካክያለሁ፣ አታስብ።»

ምግቡን አስተካክያለሁ ስትል ተከፍሏል ማለቷ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔን ያሳሰበኝ ጊዜው ነው። ፍልሰታ ነው። ባለቤቴም ወዲያው ገብቷት «መንገደኛ ነህ፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ» አለችኝ። አልጠየቅኩም። «ብላ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ብላ ከተባልኩ ደግሞ ልበላ ነው። ስለዚህ ብራያርክሊፍ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ቆሎና በሶ ገዝቼ ሻንጣዬ ሥር ሸጎጥኩ። ልጄ ፈረንጅ አገር ያደገች ስለሆነች ጾሜን ብታውቅ ትጨቀጭቀኛለች ብዬ ለእሷም ትንፍሽ አላልኩም።

ፔሩ ገብተን ኩስኮ በምትባለው ከተማ ሁለት ቀን ከፍታውን ስንለማመድ ጾሙ ያዘ። ከዚያ ጉዞው ተጀመረ። አራት ቀን የሚፈጅ የእግር መንገድ ነው። ከእኛ ጋር አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ምግብ አብሳይና ድንኳን የሚሸከሙ ሰዎች ነበሩ። አስጎብኚው ሬናቶ ይባላል፤ እንግሊዝኛው የጠራ፣ ሥርዓት የሚያውቅ ወጣት ነው። ከተሸካሚዎቹ መሀል በዕድሜ የሚበልጠውን ዶን ሲስቶ ይሉታል። የእኔ እኩያ ይመስለኛል። ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም፤ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ አድርጎ፣ የእኔን ክብደት የሚያህል ዕቃ ጀርባው ላይ አስሮ፣ እኛ እያለከለክን በምንወጣው ዳገት ላይ በሩጫ ያልፈናል። ሲያልፍ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ቀላል ነበር። የምንረግጠው ድንጋይ የተነጠፈው በኢንካዎቹ ዘመን ነው። ቤዛዊት በየአሥር እርምጃው እየቆመች «ይኼን እየው ዳድ፣ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ እየው» ትለኛለች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን በሥራዋ ላይ አየኋት። ድንጋዩን የምታይበት ዓይን ሐኪም በሽተኛ የሚያይበት ዓይን ነው። ሬናቶ እንኳ ማስረዳቱን ትቶ እሷን ማዳመጥ ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ኮራሁባትም።

ምሳ ሲደርስ ግን ጣጣ መጣ። ድንኳን ተተክሎ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ሾርባው ይጨሳል። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ደግሞስ የፈረንጅ ሾርባ ቅቤ ወይ የዶሮ መረቅ መች ያጣል? አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ።

«እኔ ከሠራተኞቹ ጋር ሄጄ ልብላ» አልኳት። «እነሱ ደክመው እኛ ብቻችንን መቀመጥ ደስ አይልም።»

ቤዛዊት ፊቷ በራ። «ኦው ዳድ፣ ሶ ስዊት» አለችኝ። እኔም ተሸካሚዎቹ ወደተቀመጡበት ሄጄ ሳህኑን እንዳለ ለዶን ሲስቶ ሰጠሁት። ገርሞት ተቀበለኝ። ስመለስ «በላህ?» አለችኝ፤ «በልቻለሁ፣ ተመስገን» አልኳት። ራትም እንዲሁ አደረግኩ። ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ግን ቅቤውን ፈራሁ። ድንኳኔ ውስጥ ተደብቄ አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሜ፣ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ተኛሁ።

ለከፍታው ይረዳል ብለው የሚሰጡትን የኮካ ቅጠል ሻይም አልነካሁም። ይኼኛው እንኳ ለጽድቅ አይደለም። ኮኬይን የሚወጣው ከዚሁ ቅጠል ነው፤ መንጃ ፈቃዴ ደግሞ በየጊዜው ድራግ ቴስት አለበት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሻትል ነጂ በኮካ ቅጠል ተያዘ ከሚባል ቢያዞረኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው እንግዲህ ጉዱ። የዚያን ቀን የሚወጣው ዳገት ጫፍ «የሞተች ሴት ማለፊያ» ይባላል። ሬናቶ ስሙን ሲነግረን ሳቅኩ። «ወንድስ ይሞትበታል?» ብዬ ቀለድኩ። ቁርሴን «ጠዋት ሆዴ አይቀበልም» ብዬ እንደልማዴ ለዶን ሲስቶ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ውሃ የያዝኩበትን ጠርሙስ ቤዛዊት ስታየኝ ወደ አፌ አስጠጋለሁ፤ ዞር ስትል ቁጥቋጦ ሥር አፈሳለሁ። እንዲህ እያደረግኩ ሦስት ሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ ራስ ምታት መጣ። ከዚያ ደረጃው መወዛወዝ ጀመረ። አሥር እርምጃ እሄድና እቆማለሁ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ ሁለት። አንድ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጠጉራቸው የሸበተ፣ «አይዞህ» በሚል ዓይነት ነካ አድርገውኝ አለፉ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ እርምጃም አቃተኝ። አንዱ ደረጃ ላይ ቁጭ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ቤዛዊት ከወደ ላይ «ዳድ! ዳድ!» እያለች ስትወርድ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማኛል።

ሬናቶ ጣቴ ላይ መሣሪያ ሰክቶ ኦክስጅኔን ለካ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ኦክስጅኑ ያን ያህል አልወረደም» አላት ለቤዛዊት። «ለምን እንዲህ እንደደከመ አልገባኝም። ግን እንዲህ ሆኖ ላስወጣው አልችልም። እስከ ሰባት ሰዓት ጫፉን ካላለፍን ለመመለስ ይመሻል። አሁን መውረድ አለብን።»

«እኔን አውርደኝና እሷ ትቀጥል» አልኩት።

«አስጎብኚው እኔ ብቻ ነኝ። ያለ አስጎብኚ መሄድ ክልክል ነው። አንተ ከወረድክ ሁላችንም እንወርዳለን።»

ቤዛዊት ቀና ብላ ወደ ዳገቱ አየች። ጫፉ ከዚያ ይታያል። ስንት ዓመት የጠበቀችውን ነገር በዓይኗ ለካችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ አነገተች።

«ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። «እንውረድ። ግድግዳው የትም አይሄድም።»

 የደከመኝ ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር መፍትሔ ሊገኝ ይችላል። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስዋሽ ከርሜ ምን ብዬ ልጀምር? እመኑኝ፣ የዚያን ሰዓት ከመናገር መውረድ ቀለለኝ። እጄን ለሬናቶ ሰጥቼ ልነሳ ስል ከላይ የበረባሶ ድምፅ ተሰማ።

ዶን ሲስቶ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሸክሙን ይዞ ያለፈን ሰውዬ ዕቃውን የሆነ ቦታ አስቀምጦ ያንን ሁሉ ዳገት ቁልቁል ተመልሷል። በእጁ የሾርባ ቴርሞስ ይዟል። እኔን አየኝና ወደ ሬናቶ ዞሮ በራሳቸው ቋንቋ በኬቿ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲናገር ወደ እኔ፣ ወደ ሆዱ፣ ወደ ሰማይ ይጠቁማል። ሬናቶ ደንግጦ በእንግሊዝኛ ለቤዛዊት ነገራት። ቤዛዊት ደግሞ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ውሸቴ ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ነው እኔው ዘንድ የተመለሰው።

«አባዬ» አለችኝ። ዳድ አላለችኝም። «ምግቡን ሁሉ ለሱ ነው የሰጠኸው? ከትናንት ጀምሮ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ሰውዬው እኮ ሌሊቱን አልተኛም። መጀመሪያ ደግ ሰው ነህ ብሎ ነው የወሰደው። ራትህንም ስትሰጠው ግራ ገባው፤ ጠዋት ቁርስህንም ስትሰጠው ልትሞት ነው ብሎ ፈራ። ለምንድነው?»

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

«ጾም እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ቅቤ ይኖርበታል፤ የዶሮ መረቅ...»

«የለበትም!» አለች። ስትጮህብኝ በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ቡክ ሳደርግ ፎርሙ ላይ ጽፌዋለሁ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ሼፉ ሁለት ቀን ሙሉ የጾም ነው የሚሠራው። ፓንኬኩን ያለ እንቁላል እንዴት ልሥራ ብሎ ሲጨነቅ ነበር።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«ምግቡን አስተካክያለሁ አላልኩህም? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ግሮሰሪ ውስጥ የዕቃውን ጀርባ የማነብልህ እኔ ነኝ። ይኼ ዊይ አለው፣ ይኼ ኬዚን አለው፣ ወተት ነው፣ መልሰው እያልኩህ። ያንን እረሳዋለሁ ብለህ ነው?»

ያን ጊዜ ታየችኝ። ጋሪው ውስጥ ቆማ፣ የብስኩት ፓኬት በሁለት እጇ ይዛ፣ ደቃቃውን ጽሕፈት በጣቷ እየተከተለች የማታውቀውን ቃል ፊደል በፊደል ስታነብልኝ። እኔ እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ጾሜን የጠበቀችልኝ እሷ ነበረች። በስንት ጾም! እኔ ደግሞ ለሰው «እስከ ዘጠኝ ነኝ» እያልኩ ስኩራራ አንድ ቀን እንኳ ስሟን አንስቼ አላውቅም። እዚያው ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ።

ዶን ሲስቶ ቴርሞሱን ከፈተ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ አፈሰሰ፤ እነሱ ከሚበሉት ከሚጠጡት ለምድር ሳያቀምሱ አይጀምሩም። ከዚያ አማተበና ክዳኑን ሞልቶ አቀበለኝ። እኔ ግን፣ ልቤ እንዴት ደንዳና እንደሆነ እዩልኝ፣ አሁንም አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

«ሰዓቱ አልደረሰም» አልኩ በቀስታ።

ቤዛዊት ስልኳን አየች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደብረ ብርሃን አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጀምበር እየጠለቀች ነው። የደጋ ልጅ ነኝ አላልክም? በአገርህ ሰዓት ብላ።»

ሳላስበው ሳቅኩ። አማትቤ ጠጣሁ። ድንችና የእነሱ እህል ያለበት፣ ቅጠል ጣል የተደረገበት ቀጭን ሾርባ ነው። የላመ የጣመ ምግብ ስንት ሆቴል በልቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን ጉሮሮዬ አልፎ አያውቅም። ሬናቶ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኝ። «አንድ ሰዓት እሰጥሃለሁ፤ ከዚያ ቆመህ ካላየሁህ እንወርዳለን» አለኝ። በሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ።

የቀረውን ዳገት የወጣነው እኔ ከፊት፣ ዶን ሲስቶ ቦርሳዬን ይዞ ከኋላ ሆነን ነው። እኔን ላለመቅደም እርምጃውን ያሳጥራል። ያ በሩጫ የሚወጣ ሰው ለእኔ ሲል እንደ ሙሽራ አዝግሞ ሄደ። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጫፉን ረገጥን። ነፋሱ ሊጥለን ይታገላል። ቤዛዊት አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ዶን ሲስቶ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠንና ከማለፊያው ወዲያ ሸክሙን ወዳስቀመጠበት ቁልቁል ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ተሸካሚዎቹን ተሰናበትን፤ እነሱ ከተማዋ ድረስ አይገቡም። የተረፈኝን ቆሎ ለዶን ሲስቶ ሰጠሁት። ቀምሶ አየኝ፣ ሳቀ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የራሱን አወጣ። የተቆላ በቆሎ ነው። ቆመን አንዳችን የሌላውን እየቆረጠምን ሬናቶን አስተርጓሚ አድርጌ ማቹ ፒቹን ስንት ጊዜ እንዳያት ጠየቅኩት። «አንድ ጊዜ» አለ። ዕድሜ ልኩን የሰው ዕቃ ተሸክሞ እስከ ደጃፏ የሚመላለስ ሰው ነው። ሲናገረው ቅሬታ የለበትም። «ያየኋት ቀን ግን ቆንጆ ነበረች» አለኝ። እጁን ስሜ ተለየሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ማቹ ፒቹ ገባን። ስለ ውበቷ ብዙ ስለተባለ አልደክምበትም። እኔ ያየሁት ልጄን ነው። አንድ ግንብ ፊት ቆማ፣ መንካት ስለተከለከለ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አየችው። «ሲሚንቶ የለውም፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ድንጋዮቹ ይነቃነቁና ተመልሰው ቦታቸው ይገባሉ» አለችኝ። ያንን የሠሩትን ሰዎች አደነቅኩ። ያንን የምታውቅ ልጅ መውለዴንም አደነቅኩ።

አትላንታ እንደተመለስኩ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ያለ ሰዓቱ መብላቴን ሳነሳ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሱን ተወው። ብላ እንዳልልህ ፈርተህ ሳትጠይቀኝ መሄድህን ነው የምትናዘዘው» አሉኝ። «ልጅህንስ ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኳትም ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ ልጆቹን ፈረንጅ አገር ያሳደገ ይኖራል። ልጆቻችን ሃይማኖታችንን፣ ልማዳችንን፣ እኛንም ረስተዋል ብለን ስንት ጊዜ አማርረናል? እኔ ከተራራው ያመጣሁት ነገር ቢኖር ይህንን ማማረር መተው ነው። ማወቅ የምንፈልገውን እንጠይቃቸው። መልሳቸው እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ከራሳችሁ አትመልሱ፤ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ስመልስ ኖሬ አንዱንም አላገኘሁትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቤዛዊትን የሠራሽውን ግድግዳ አሳዪኝ አልኳት። አንድ አውራ ጎዳና ዳር ወሰደችኝ። «እዚህ ፓርክ አድርግ» አለችኝ። በየቀኑ ሰው ጭኜ የማልፈው ግድግዳ ነው። ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች እያሳየችኝ «ግድግዳ የሚወድቀው ከኋላው ውሃ ሲጠራቀምበት ነው፤ መውጫ ያስፈልገዋል» ብላ አስረዳችኝ። ስትጨርስ ተናገርኩ።

«ቤዚ፣ ተራራው ላይ ስለዋሸሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«የተናደድኩት ስለዋሸኸኝ አይደለም» አለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። «ፎርሙን የሞላሁት ለሁለታችንም ነበር።»

«እንዴት ለሁለታችን?»

«እኔም እየጾምኩ ነበራ። ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ ፍልሰታን እጾማለሁ፣ ዳድ። ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መተንፈስ አቅቶህ ነበር እኮ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ሳህንህን ይዘህ ስትሄድ እዚያ ድንኳን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አብረን እንበላለን ብዬ ነበር።»